የወንድሜ ሚስትና አንገት ደፊዋ አበባ

የወንድሜን ሚስት እትዬ ነው የምላት። በዕድሜ እምብዛም አንራራቅም። ግን ጋሼ አግብቶ ይዟት የገባ ዕለት «ከዛሬ ጀምሮ እትዬ ትያታለሽ፤ በስሟ ስትጠሪያት እንዳልሰማ» ብሎ አስጠነቀቀኝ፣ ምላሴም በዚያው ቀረ። ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜን ነው። እናትና አባቴ በልጅነቴ ስለሞቱ ያሳደገኝ እሱ ነው።

ሰው ስለ እትዬ ሲጠይቀኝ አንዳንዴ ብሽቅ እላለሁ። ስለ እሷ የሚጠይቅ መስሎ የሚጠይቀው ስለ አበባዋ ነው። አንድ ጋዜጠኛ እንኳ የመጣ ጊዜ እትዬን «ትንሽ ፈቀቅ በይልኝ» ብሎ አበባዋን ነው ፎቶ ያነሳት። ድንቄም ጋዜጠኛ! አበባዋማ ምን አደረገች? በቀለች፣ አለቀ። ማንሳትስ ያበቀለቻትን ሰው ነበር። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ወሬ አሳምሬ አላውቅም፤ መሐል ላይ ክር ሲበጠስብኝ ቋጥሬ እቀጥላለሁ። እንደሚመቸኝ ልናገር።

እኛ ያደግነው ወንዝ ዳር ነው። ከወንዙ ቀጥሎ ረባዳ ሜዳ አለ፣ ከሜዳው በላይ ከተማው ያለበት ዳገት። በድሮው ጊዜ ወንዙ በየዓመቱ ይሞላና ሜዳውን ዳር እስከ ዳር ይሸፍነዋል። ውሃው ይሰነብትና ደለሉን ጥሎ ይመለሳል። ያን ጊዜ ሜዳው ላይ ቤት ልሥራ የሚል ቢኖር አብዷል ነው የሚባለው። ውሃው ሲሞላ ሰው የሚሻገረው በጀልባ ነው፤ ጀልባ ቀዛፊው ደግሞ ጋሼ ነበር። እኔንም ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ በጀልባው ነው። ስቁነጠነጥ «ተሳፋሪ፣ አርፈሽ ተቀመጪ፣ ልትገለብጪን ነው» ይለኛል። ተሳፋሪ ስሜ ሆኖ ቀረ። እስኪሄድ ድረስ በሌላ ስም ጠርቶኝ አያውቅም።

ውሃው ሲመለስ አበባዋ ትመጣለች። ሜዳው በሙሉ ወይን ጠጅ ይለብሳል። ቀጭን አገዳ፣ ጫፉ ላይ ደወል የመሰለች አንዲት አበባ፣ እሷም ቁልቁል የተደፋች። ስሟም ከዚሁ የመጣ ነው፣ አንገት ደፊ እንላታለን። ያን ጊዜ ከቁም ነገር የሚቆጥራት አልነበረም። ሣሩ ሲደርስ አብራ ታጭዳ ለከብት ትሰጣለች።

ከዚያ ክትሩ ተሠራ። ወንዙን ከሜዳው የሚለይ ረጅም የአፈር ክትር ነው። ድልድይም ተሠራ። ሰው ሁሉ እሰይ አለ፣ እኛም ብለናል። ሜዳው ደረቅ መሬት ሆነ ተብሎ ለፈለገ ሰው ቦታ ሲሰጥ ጋሼም ተመራ። ብሎኬቱን አንድ በአንድ በገዛ እጁ ደረደረው። ለእሱና ለእትዬ አንድ ክፍል፣ ለእኔ አንድ ክፍል፣ መሐል ላይ ሳሎን። ግድግዳው ትንሽ ዘመም ብሏል፤ እትዬ ስታሾፍበት «ጀልባ የለመደ እጅ ነው፣ ቀጥ ያለ ነገር ያስፈራዋል» ብሎ ሳቀ። የእኔ ክፍል መስኮት ወደ መንገዱ ነው። የስፌት መኪናዬን እዚያ መስኮት ሥር አስቀመጥኩ፤ ብርሃን ስላለው ነው።

ታዲያ ድልድይ እያለ ጀልባ ማን ይሳፈራል? ጋሼ ዓሣ አጠምዳለሁ፣ አሸዋ አመላልሳለሁ ሲል ቆየና አንድ ቀን «ወደ ታች ወርጄ ወደቡ ላይ ሥራ ልሞክር» አለ። እየቀለደ ነው የሄደው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው። መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ ይደውላል። ቆይቶ በየወሩ ሆነ። ቆይቶ ስልኩ ጭራሽ አልጠራም አለ። ወደቡ ድረስ ወርጄ ፎቶውን ይዤ ዞርኩ። አንዱ መርከብ ላይ ተቀጥሯል አለኝ፣ አንዱ ሌላ ወደብ ሄዷል አለኝ፣ አንዱ ደግሞ ፎቶውን ገልመጥ አድርጎ «እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም» አለኝ። ይሄኛውን በጥፊ ልለው ምንም አልቀረኝም።

ከወደብ ስመለስ እትዬ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «የትም ይቅር!» አልኳት ጫማዬን እየወረወርኩ። «እንዲህ ያለ ወንድም የለኝም። አይመጣም፣ አትጠብቂው!» እሷ ጓሮ ገብታ ልብስ ማጠብ ቀጠለች። ከዚያ ወዲህ የጋሼ ስም ከተነሳ መልሴ ያው ነው። አይመጣም። የትም ይቅር። ጎረቤቱ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል፤ አንዳንዱማ እኔን ለመቆስቆስ ሆን ብሎ ያነሳው ነበር።

ልብስ ማጠቡን በከንቱ አላነሳሁትም። እትዬ የሆቴል አንሶላ እያጠበች ነበር የምትተዳደረው። ያለቀለቀችበትን ውሃ ጓሮ ትደፋዋለች፣ ጓሯችን ዓመት እስከ ዓመት እንደረጠበ ነው። አንድ ጠዋት ቦት ጫማ ያደረገች ቀጭን ሴት አጥራችን ላይ ተንጠልጥላ ጓሮውን ስታይ አገኘኋት።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አልኳት፣ ለሌባ በሚባልበት ድምፅ።

«ያቺ አበባ የእናንተ ናት?» አለችኝ።

የዕፅዋት ጥበቃ ቢሮ ባለሙያ ናት። ዶክተር ናት ሲባል ሰፈሩ ሰምቶ ጥርሴን አመመኝ፣ ወገቤን ቆረጠኝ እያለ ይመጣባት ጀመር፤ ምስኪን፣ ለሁሉም «እኔ የሣር ዶክተር ነኝ» እያለች ታስረዳለች። እኛም ዶክተሯ እንላታለን። አንገት ደፊ ከሜዳው በሙሉ ጠፍታለች አለችን። ከላይ እስከ ታች ወንዙን ተከትላ ፈልጋለች፣ የለችም። የቀረችው እኛ ጓሮ፣ የልብስ ውሃ የሚደፋበት ቦታ ብቻ ነው። እዚያው ጭቃ ላይ ተንበርክካ ቅጠሉን ስትዳብስ እንባዋ መጣ። እትዬ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች «ይቺን ነው እንዴ? እኔማ የልብስ ማስጫዬን ይዛብኛለች ብዬ ልነቅላት ነበር» አለች።

ቢሮው እትዬን ቀጠራት። አንሶላውን ተወች፣ የአበባ ጠባቂ ሆነች።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንገት ደፊ ደፍታ ደፍታ፣ ፍሬ ስትይዝ ቀና ትላለች። ፍሬው ሲደርስ ድንገት ይፈነዳና ዘሩን ይበትነዋል። ስለዚህ ከመፈንዳቱ በፊት በየፍሬው ላይ የሻሽ ከረጢት ይታሰራል። ከረጢቱን የምሰፋው እኔ ነኝ፤ ለአበባ ልብስ የሰፋ ሰው ካለ ይንገረኝ። ዘሩ በሣጥን ይዘራል። ሣጥኑ ደግሞ ጎርፍ የመጣ እንዲመስለው ውሃ ውስጥ ሰጥሞ መክረም አለበት። እትዬ የመታጠቢያ ገንዳችንን ወሰደችው።

«እትዬ፣ እኛስ የት እንታጠብ?»

«በባልዲ።»

ውሃውም የቧንቧ አይደለም፣ ከወንዙ በጄሪካን የምታመጣው ድፍርስ ነው። በየጠዋቱ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ክንዷን እስከ ክርኗ አስገብታ ደለሉን ታማስለዋለች። የውሸት ጎርፍ እንለው ነበር። ጋሼ ከሄደ ወዲህ እትዬ አፏ ተዘግቶ ነበር፤ ከእኔ ጋር እንኳ ከአስፈላጊው በላይ አታወራም። ከገንዳው ጋር ግን ታወራለች። «አይዞሽ፣ ትንሽ ታገሺ፣ አሁን ውሃው ይሄዳል» ስትል ሰምቼ በሳቅ ሞትኩ። ሳቄን ስጨርስ ክፍሌ ገብቼ በሬን ዘጋሁ።

ዘሩ በቅሎ አበባ እስኪሰጥ ልጅ ተወልዶ ትምህርት ቤት ይገባል። እትዬ ጠበቀች። መጠበቅ እንደሆነ ታውቅበታለች። ችግኞቹን ወስዳ ሜዳው ላይ ተከለቻቸው። ቅጠል ሰጡ። በዓመቱም ቅጠል። በዓመቱም ቅጠል። አበባ የሚባል ነገር የለም። ጓሮ ያሉት አሮጌዎቹ ደግሞ፣ እሷ ማጠብ ከተወች ወዲህ በገንዳ ውሃ ብትደጉማቸውም፣ እየሳሱ ሄዱ። ዶክተሯ «ሜዳው ራሱ ውሃ ሊተኛበት ይገባል፤ ካልሆነ እነዚህ ሲያልቁ ዘሯ አለቀ ማለት ነው» አለች።

ቢሮው ሜዳው ውሃ ይፈልጋል ሲባል ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቦቴ ላከ! ሹፌሩ ደረቱን ነፍቶ ወረደ። «ለአበባ ነው ሲሉኝ ከማጣሪያው ንጹሑን አስሞልቼ ነው የመጣሁት፤ ከፈለጋችሁ ቅመሱት» አለ። እትዬ በእፍኟ ቀድታ ቀመሰችና «ለእኛስ ይሆናል» አለች። ሰውዬው ምስጋና መሰለው። ውሃውን ለቀቀው፣ መሬቱ ዐይናችን እያየ ጠጥቶ ጨረሰው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ይባስ ብሎ ቦቴው ሊመለስ ሲል ጎማው ሰመጠ። ትራክተር ተጠርቶ ጎትቶ ሲያወጣው ሜዳውን በሁለት ረጃጅም ቦይ አርሶት ሄደ፣ ያውም በእትዬ ችግኞች ላይ። እትዬ ቦዩ ዳር ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔ ሹፌሩን የሰደብኩትን ስድብ እዚህ አልደግመውም።

ግን ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። በዚያው ዓመት ዝናቡ ጠንከር አለና ቦዮቹ ውሃ ቋጠሩ፤ ወንዙም በክትሩ ሥር እየሰረገ ሞላቸው። ብዙ ቆይቶ ደረቁ። ከዚያ አንድ ጠዋት እትዬ ከሜዳው ጮኸች። እትዬ ጮኻ አታውቅም። እባብ ነደፋት ብዬ መቀሴን እንደያዝኩ በባዶ እግሬ ሮጥኩ። ሁለቱ የጎማ ቦዮች ውስጥ፣ በመስመር በመስመር፣ አንገት ደፊዎቹ አብበው ቆመዋል። ከቦዩ አንድ እርምጃ ወጣ ብሎ አንዲት እንኳ የለችም። ጎማው የጨፈለቃቸው ናቸው እኮ! እትዬ እየሳቀችም እያለቀሰችም «ሹፌሩን ይቅርታ መጠየቅ አለብሽ» አለችኝ። እስካሁን አልጠየቅኩትም።

ዶክተሯ መጥታ ቦዩን ለካች፣ አፈሩን ቆንጥራ በጣቶቿ አሸች። «ከዚህ ወዲያ ማስረጃ የለም» አለች። «ወንዙ መመለስ አለበት። ክትሩ ይቆረጥ ብዬ ልጠይቅ ነው።» ይህን ብላ ቀና ስትል ዐይኗ ቤታችን ላይ አረፈ። የእትዬም አረፈ። የእኔም።

ሌሎቹ ጎረቤቶች ርጥበቱ አስመርሯቸው ቀደም ብለው ወደ ዳገቱ ወጥተዋል። ሜዳው ላይ የቀረው የጋሼ ቤት ብቻ ነበር።

ቢሮው ክፉ አልሆነብንም። ዳገቱ ላይ፣ ፎቅ ላይ ቤት እንሰጣችኋለን አለ። ችግሩ ቤቱ በጋሼ ስም ነው፤ ባለቤቱ የሌለበትን ቤት ማንም ማፍረስ አይችልም። ሰውየው ጠፍቷል፣ አይመለስም ብሎ ፍርድ ቤት መወሰን አለበት። ለዚያ ደግሞ ሚስቱና የሥጋ ዘመዱ ዳኛ ፊት ቀርበው፣ ምለው መናገር አለባቸው። የሥጋ ዘመድ የተባልኩት እኔ ነኝ። ከእኔ ሌላ የለውም።

እትዬ «እሺ» አለች። እኔ «በፍጹም!» አልኩ።

ብዙ ምክንያት ደረደርኩ። ደንበኞቼ ፎቅ አይወጡም አልኩ። ወንድሜ በእጁ የሠራውን ቤት ለአበባ ብዬ ውሃ አላስበላም አልኩ። ሱቅ ከተማ ውስጥ ሲገኝልኝ እምቢ ያልኩት ብርሃን ብዬ ነው፣ አሁን ደግሞ የት ልሂድ አልኩ። ዶክተሯ በየዋህነቷ «ፎቅ ላይ ብርሃኑ ይብሳል እኮ» አለችኝ። «አንቺ ዝም በይ፣ የሣር ዶክተር!» አልኳት። ወደ እትዬ ዞሬ ደግሞ «አንገት ደፊ አገር አጥፊ የተባለው ለዚህ ነው። ያኔ ነቅለሽ ብትጥያት ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር» አልኩ። እትዬ ጄሪካኗን አንስታ ወደ ወንዙ ወረደች።

ሳትነዘንዘኝ አንድ ወቅት አለፈ። ዝናቡ ሳሳ። ቦዮቹ በቅጡ ውሃ ሳይዙ ደረቁ፣ ጎናቸውም ተናደና ሣር ዋጣቸው። ጓሮ ያሉት አሮጌዎቹ ያን ዓመት ከነጭራሹ አልወጡም። የፍሬው ጊዜ ሲደርስ ሻሹን ዘርግቼ «ምን ያህል ከረጢት ልስፋ?» ብዬ ጠየቅኳት። ድሮ እስኪያንገሸግሸኝ ነበር የምታሰፋኝ።

«አትድከሚ» አለችኝ። «የአምናው ይተርፋል።»

ሻሹን መልሼ አጠፍኩት። ቢያንስ ብትቆጣኝ ምን ነበር? ነገር ፈለግኳት። «ቆይ፣ አንቺ ግን ቢመጣስ ብለሽ አስበሽ ታውቂያለሽ? መጥቶ ቤቱን ውሃ በልቶት ቢያገኝስ? ሌላ የሚያውቀው አድራሻ የለውም!»

«አይመጣም ስትይ አልነበር?»

«እኔ የምለውን ተዪው! አንቺ ሚስቱ ነሽ!»

እትዬ አጠገቤ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እኔ ጋሼሽን አልቅሼ ጨርሻለሁ» አለችኝ። «አንሶላ ሳጥብ ነው ያለቀስኩት፤ ፊት ቢረጥብም ማንም አያውቅብሽም። ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ፣ ግን ጨረስኩ። አንቺ ስትሳደቢ ከረምሽ እንጂ አላለቀስሽም። በመንገዱ ሰው ባለፈ ቁጥር መኪናሽ ቀጥ ይላል። እኔ ማዶ ክፍል ሆኜ እሰማዋለሁ። ይሄ ሁሉ ዓመት እሰማዋለሁ። ለብርሃን ነው ትያለሽ፤ ይሁን፣ ለብርሃን ይሁን።»

«እና አንቺስ? ለምን ተቀመጥሽ ታዲያ?»

«ለአንቺ ነዋ። መስኮት ላይ ጥዬሽ ወዴት እሄዳለሁ?»

«ሂጂና ከገንዳሽ ጋር አውሪ!» አልኳትና ፊቴን ወደ መኪናዬ አዞርኩ። ሄደች። ቀሚስ እየሰፋሁ ነበር። ውጭ አንድ ሰው ቦርሳ አንግቶ በመንገዱ አለፈ፤ አካሄዱን አየሁት፣ አይደለም፣ ሌላ ሰው ነው። ወደ ስፌቱ ስመለስ እግሬ ፔዳሉ ላይ ቆሟል፣ መርፌው ጨርቁ መሐል ተተክሏል። መቼ እንዳቆምኩት አላውቅም።

በማግስቱ «ፍርድ ቤቱ የቱ ጋ ነው?» አልኳት።

ፍርድ ቤት ያልኩት አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ የሚንቋቋ ማራገቢያ፣ እስከ መስኮቱ የተቆለለ ፋይል። ዳኛው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን የሚፈልጉ ዓይነት ሽማግሌ ናቸው። ጋሼን የሚያፈላልግ ማስታወቂያ በጋዜጣ ወጥቶ ነበር፣ አለሁ ያለ የለም። ይህን አነበቡና እትዬን አስቆሟት። እትዬ ረጋ ብላ «የት እንዳለ አላውቅም፣ ይመለሳል ብዬም አልጠብቅም» አለች። ተቀመጠች። ይኸው ነው፣ በቃ። ተራው የእኔ ሆነ፣ ማልኩ።

«የሥጋ እህቱ ነሽ?»

«አዎ ጌታዬ። ያሳደገኝ እሱ ነው።»

«ወንድምሽ ይመለሳል ብለሽ ታምኛለሽ?»

ይህን ቃል እኮ በየጎረቤቱ፣ በየገበያው፣ ላልጠየቀኝ ሰው ሳይቀር ስናገረው ኖሬያለሁ። አይመጣም። አፌን ከፈትኩ። አልወጣም። ማራገቢያው ይንቋቋል። ዳኛው «አልሰማሁሽም» አሉ። «አልተናገርኩም» አልኩ። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ዞሬ ልክ ላስገባው አሰብኩ፣ ስድቡም አልመጣልኝ አለ። የሚታየኝ ጋሼ ነው፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ሁለቱን መቅዘፊያ ይዞ። ተሳፋሪ፣ አርፈሽ ተቀመጪ። እኔ አይመጣም ካልኩ ማን ይቀረዋል? ሚስቱ አልቅሳ ጨርሳለች። ጎረቤቱ ረስቶታል። በዚህች ምድር ላይ እሱን የሚጠብቅ አንድ ሰው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም ዛሬ ምዬ ላቆም ነው።

«ልጄ፣ ውሃ ይምጣልሽ?» አሉ ዳኛው።

እትዬን ዞሬ አየኋት። እጆቿን ጭኖቿ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ለፍርድ ቤት ብላ ፈትጋ ታጥባለች፣ ግን ጥፍሮቿ ሥር ያ ደለል አለ፣ አልለቀቀም። ቶሎ በይ አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር፣ እልህ ይይዘኝ ነበር። ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች «ተይው፣ እንሂድ» አለችኝ። ያን ሁሉ ዓመት የደከመችበትን፣ እጇን ድፍርስ ውሃ ውስጥ ነክራ ያሳደገችውን፣ ለእኔ ብላ ተይው አለች።

«አይመጣም» አልኩ።

ዳኛው ጻፉ። እኔ እዚያው እንደቆምኩ ለቅሶ ያዘኝ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ አልገደደኝም። ዳኛው ሌላ ጉዳይ ሊጠሩ አልቻሉም፣ አስተናባሪው ግራ ገባው፣ የሳቀውም ሰውዬ አንገቱን ደፋ። እትዬ ደግፋ አወጣችኝ፣ ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ሰው በግራ በቀኛችን እየወጣ ይወርዳል። ጀርባዬን ትዳብሰኛለች። ልብስ ስታሰጣ ጨርቁን በመዳፏ የምታቃናው ዓይነት ነው።

ቤቱ ሲፈርስ አላየሁም፤ ያን ቀን ሆን ብዬ ከተማ ውስጥ ዋልኩ። ክትሩ ተቆርጦ ወንዙ ሲገባ ግን ዳገቱ ላይ ሆኜ አይቻለሁ። ይገርማል እንጂ ድምፅ እንኳ የለውም። መጀመሪያ ሣሩ መሐል ያብለጨልጫል፣ ቀጥሎ ቦዮቹ ይሞላሉ፣ ቀጥሎ ሰማይ ሜዳው ላይ ይታያል። እትዬ ጫማዋን አውልቃ እስከ ጉልበቷ ገባች። ጎንበስ ብላ ውሃውን በእጇ አማሰለችው፣ ልማድ ሆኖባት። ዶክተሯ «እትዬ፣ አሁንማ ራሱ ይማሰላል!» ብላ ከዳር ጮኸችባት፤ ሦስታችንም ሳቅን።

ውሃው ሰንብቶ ተመለሰ። እነዚያ ስንት ዓመት ቅጠል ብቻ ሲሰጡ የኖሩት ችግኞች በሙሉ አበቡ። በሙሉ! ከአዲሱ ቤታችን ሰገነት ላይ ሆኜ ሳየው ሜዳው ወይን ጠጅ ሆኗል፣ ልጅ ሳለሁ እንደነበረው። እትዬ ያን ሰሞን ቤት ውላ አታውቅም። ሰውም ለማየት ጎረፈ። የሜዳው መንገድ ገና ጭቃ ስለሆነ ከወንዙ በታች ካሉት ከተሞች የሚመጣው በጀልባ ነበር።

እኔ ጀልባዎቹ የሚቆሙበት ጋ ነበር የምቆመው። ማውረጃው ያዳልጣል፣ ሰው እንዳይወድቅ እጅ ልስጥ ብዬ ነው። አንዱ ይወርዳል፣ ፊቱን አያለሁ፣ ቀጣዩ ይወርዳል። አንዲት ሴትዮ እጄን ይዛ ወርዳ፣ እጄን ሳትለቅ ወደ ሜዳው አሻግራ አየች። እትዬ መሐል ላይ ተንበርክካ ከረጢት ታስራለች።

«አበባዋን ያዳነቻት ሴት ያቺ ናት?» አለችኝ።

«ናት።»

«ምንሽ ናት?»

«የወንድሜ ሚስት ናት።»

«እሰይ! ታድላችሁ። ወንድምሽስ? አብሯችሁ አልመጣም?»

ከኋላዋ ሰው ገና ከጀልባው እየወረደ ነው።

«ሥራ ሄዷል» አልኳት። «ይመጣል።»